የነርሶችን ትምህርትና የሙያ ዕድገት ለመደገፍ ከምን እንጀምር?

ጥያቄ፦ የነርሲንግ አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ባልደረቦቼ።

በምሠራበት ሆስፒታል የነርሲንግ አገልግሎቱን የማስተባበር ኃላፊነት ከተሰጠኝ ወዲህ መፍትሔ ያላገኘሁለት ጉዳይ ስላለ፣ በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለነርሶች ሥልጠና በየዓመቱ የተወሰነ በጀት ይያዛል። ይህ በጀት በአብዛኛው የሚያልቀው ከሆስፒታሉ ውጭ በአዳራሽ ለሚሰጡ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ለሚፈጁ ሥልጠናዎች ነው። የሚላኩት ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያው የተለመዱት ናቸው፤ የዋርድ ኃላፊዎች፣ የቀን ሥራ ብቻ የሚሠሩ፣ ወይም ደብዳቤው በደረሰበት ሰዓት ቢሮ አካባቢ የተገኙ። ሲመለሱ ያገኙትን ዕውቀት ለሌሎች ያካፍላሉ ይባላል እንጂ፣ የማካፈያ ሰዓትም ቦታም ተመድቦላቸው ስለማያውቅ የምስክር ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባና ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ጉዳዩን አጣዳፊ ያደረገብኝ በአንድ ዋርድ የተፈጠረ ክስተት ነው። መድኃኒትን በቱቦ መስመር ቀስ እያደረጉ ወደ ታካሚው ደም ሥር የሚያስገቡ አዳዲስ የሲሪንጅ ፓምፖች ሲገቡ አቅራቢው ድርጅት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገለጻ ሰጥቶ ሄደ፤ ገለጻውን የተከታተሉት ሁሉ የቀን ተረኞች ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሌሊት ላይ ፓምፑ መስመሩ መዘጋቱን እያስጠነቀቀ ሲጮኽ፣ ተረኛዋ ነርስ የምታውቀው ድምፁን ማጥፋትና ማሽኑን እንደገና ማስጀመር ብቻ ነበር። በታካሚው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም ነርሷ ብዙ ዓመት ያገለገለችና በሥራዋ የምትመሰገን ሰው ስለሆነች፣ በግምገማው ላይ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ለመጫን የተደረገው ጥረት ፈጽሞ አልተዋጠልኝም።

ልጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው። በጀቱ ውስን ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምንድን ነው? ዋርዱ በሰው እጥረት እየተቸገረ ለትምህርት የሚሆን ጊዜ ከየት ይመጣል? ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ለመማር የሚያመለክቱ ነርሶችን በተመለከተስ፣ አስተዳደሩ «አስተምረን ለሌላ እናስረክባለን» እያለ ወደኋላ ሲል ምን ዓይነት አሠራር አዋጭ ሆኖ አግኝታችሁታል?

መልስ፦ አሠልጣኝ ነርስ

የተከበሩ ጠያቂ፣ የሥልጠናውን ርዕስ ከመምረጥዎ በፊት ሰዓቱን ያስቀድሙ። በሥራ ሰዓት ውስጥ የሚውልና በፈረቃ ድልድሉ ላይ በስም የተጻፈ የመማሪያ ጊዜ ከሌለ፣ ሌላው ድጋፍ ሁሉ ለይስሙላ ይሆናል። የሆስፒታሎች የሥልጠና ዕቅድ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ ርዕስ፣ አሠልጣኝ፣ አበልና አዳራሽ ይሞላሉ፤ «ሠልጣኙን በዋርዱ ላይ የሚተካው ማን ነው?» የሚል ዓምድ ግን አይገኝም። ያ ዓምድ ባዶ ሆኖ እስከቀረ ድረስ ለሥልጠና የሚወጣ ነርስ ሥራውን በባልደረባው ትከሻ ላይ ጥሎ ስለሚሄድ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ቅሬታ ውስጥ ይገባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠራም ለመሄድ ያቅማማል።

ሁለተኛው ነገር የሥልጠናው ቅርጽ ነው። በተከታታይ ቀናት በጅምላ የሚሰጥ ሥልጠና የእጅ ክህሎትን ለረጅም ጊዜ አያቆይም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የልብና የአተነፋፈስ ማነቃቂያ፣ ማለትም ሲፒአር ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ክህሎቱ ግን ከሥልጠናው በኋላ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ መዳከም እንደሚጀምር በተደጋጋሚ ተረጋግጧል። ወረቀቱ ገና ሳይቃጠል እጁ ረስቷል ማለት ነው። ማኅበሩ ራሱ አጭር ልምምድን በየሦስት ወሩ የሚያስደግም ፕሮግራም ወደ መዘርጋት የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ፣ ሲወለዱ መተንፈስ ያቃታቸውን ጨቅላዎች በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ መርዳት የሚያስችል ቀለል ያለ ሥልጠና አስተዋወቀ። በታንዛንያ በሃይዶም ሉተራን ሆስፒታል ሥልጠናው ለአንድ ቀን ሲሰጥ፣ ሠልጣኞቹ በመለማመጃ አሻንጉሊት ላይ የሚያሳዩት ብቃት በግልጽ ተሻሻለ፤ በማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ሥራ ግን አልተለወጠም። በኋላ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃዎች፣ በየወሩ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ መለማመድ ሲጀመር፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ጨቅላዎች መጠን ቀነሰ። ትምህርቱ ያው ነው፤ የተለወጡት ቦታውና ድግግሞሹ ናቸው።

ወደ ፓምፑ ልመለስ፤ እርስዎ ካነሡት ሁሉ ይህ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። ፓምፑ መዘጋት እንዳለ ሲያስጠነቅቅ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ተጠራቅሟል። የታጠፈውን ቱቦ አቃንተው ወይም የተዘጋውን ክላምፕ (የቱቦ መቆንጠጫ) ከፍተው ዝም ብለው ቢያስቀጥሉት፣ የተጠራቀመው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ወደ ታካሚው ይገባል። መድኃኒቱ የደም ግፊት ከፍ የሚያደርግ ወይም ኃይለኛ ማስታገሻ ከሆነ መዘዙ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ስለዚህ በታካሚው በኩል ያለው መስመር ተዘግቶ እያለ በመጀመሪያ ግፊቱን ማስተንፈስ፣ ቀጥሎ የመዘጋቱን መንስኤ ከሲሪንጁ እስከ ካኑላው (በታካሚው ደም ሥር ውስጥ እስከ ገባው ቀጭን ቱቦ) ድረስ በእጅ እየተከተሉ መፈለግ፣ ከዚያ በኋላ ማስጀመር ያስፈልጋል። ይህን ለማስተማር አንድ ፓምፕ፣ ውኃ የተሞላ አንድ ሲሪንጅ፣ አንድ ክላምፕና ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ነርሷ በገዛ እጇ ክላምፑን ዘግታ፣ ማስጠንቀቂያው እስኪጮኽ ጠብቃ፣ ስትከፍተው ውኃው እንዴት ፈንጥቆ እንደሚወጣ አንድ ጊዜ በዓይኗ ካየች አትረሳውም። አዳራሽ ውስጥ በስላይድ የሚታይ ፓምፕ ይህን አያስተምርም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ገንዘብ የማውለው ሙሉ በሙሉ ወይም በግማሽ የሥራ ሰዓቷ ከታካሚ ምደባ ነፃ የሆነች አንዲት አሠልጣኝ ነርስ ለመመደብ ነው። ሥራዋ ከዋርድ ወደ ዋርድ እየዞረች፣ በአደጋ ሪፖርቶችና በርክክብ ላይ ደጋግመው በሚነሡ ጥያቄዎች ላይ ተመሥርታ፣ በአጫጭር ልምምዶች ማስተማር ይሆናል። የሥልጠና ፍላጎት መጠይቅ በትኖ መሰብሰብ መጥፎ ባይሆንም፣ ሰው የማያውቀውን ነገር አለማወቁን ስለማያውቅ በመጠይቁ ላይ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የሰማውን ርዕስ ነው።

አዲስ ገቢ ነርሶችን የሚያለማምዱ ነባር ነርሶችም አሉ። እነዚህ ሰዎች በሚያለማምዱበት ወቅት የታካሚ ቁጥራቸው ካልተቀነሰላቸው ለማጅዋ እንደ ተጨማሪ የሥራ እጅ ትቆጠራለች፤ ማለማመዱም በዚያው ይቀራል። የነርሲንግ ምሁሯ ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 የነርስን የብቃት ዕድገት ከጀማሪ እስከ ሊቅ ባሉት አምስት ደረጃዎች ስትገልጽ ያነሣችውን አንድ ነጥብም ልብ ይበሉ፤ በአንድ ክፍል የተካነች ነርስ ወደማታውቀው የታካሚ ዓይነት ስትዛወር ዳግም ጀማሪ ልትሆን ትችላለች። ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በአንድ ቀን ማስታወቂያ የተዛወረችን ነርስ «ልምድ አላት» ብሎ ያለ ማለማመጃ ማሰማራት ለእርሷም ለታካሚውም አይበጅም።

መልስ፦ የሌሊት ተረኛ

አሠልጣኙ ባልደረባችን በጻፉት በአመዛኙ እስማማለሁ። ሆኖም ዕቅዱ ወደ ሥራ ሲገባ አንዲት አሠልጣኝ ነርስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እየሠራች «ሁሉንም ዋርድ አዳርሻለሁ» ብላ ሪፖርት እንደምታደርግ ከወዲሁ ይታየኛል። የሌሊት ሠራተኛ የሚሠለጥነው ከሌሊት ሥራ በወጣበት ጠዋት እንዲቆይ ተደርጎ፣ ወይም በዕረፍቱ ቀን ተጠርቶ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው የፊት ወንበር ላይ ቢቀመጥም የሚሰማው ነገር የለም፤ ፊርማው ግን በመገኘት መዝገቡ ላይ ይሰፍራል። ይህ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

የሚሠራው መንገድ አሠልጣኟ በወር ውስጥ የተወሰኑ ሌሊቶችን ራሷ እንድትገባ ማድረግ ነው። አመቺው ሰዓት የማታው መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ልኬቶች ተመዝግበው፣ ዋርዱ ጋብ ከሚልበት ጊዜ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አካባቢ ያለው ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ማንንም ማስተማር አይሞከር፤ ሰውነት ከሁሉም በላይ የሚደክምበት ሰዓት ነውና። ልምምዱ ሲካሄድ የታካሚ ጥሪ የሚመልሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይነገር፤ አለበለዚያ ሁሉም አንድ ጆሮውን ወደ ኮሪደሩ አድርጎ ነው የሚቆመው።

በስልክ ስለሚወሰዱ የኦንላይን ትምህርቶችም አንድ ነገር ልበል። ትምህርቶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ስለ መድኃኒት ስሌት ወይም ስለ ኢንፌክሽን መከላከል መሠረታዊ ዕውቀት ለማደስ ይጠቅማሉ። ነገር ግን ብዙ ቦታ የሚደረገው፣ ትምህርቱ ግዴታ ተብሎ ይለጠፍና ነርሱ በቤቱ፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ ኢንተርኔት ጨርሶ ምስክር ወረቀቱን እንዲያመጣ ይታዘዛል። ወጪው አልቀረም፤ ከሆስፒታሉ ኪስ ወደ ነርሱ ኪስ ተዛወረ እንጂ። ግዴታ የሆነ ትምህርት የሥራ ሰዓት ሊቆጠርለት ይገባል።

በመጨረሻም፣ የፓምፑ ጉዳይ በግምገማ ላይ የቀረበበት መንገድ ሌሎች ነርሶችን ምን እንዳስተማረ ማየት ያስፈልጋል። «ይህን መሣሪያ አላውቀውም» ብሎ መናገር የሚያስወቅስ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሌሊት ሁሉም የሚያውቅ ይመስላል። ለጥያቄ ጆሮ ዳባ ልበስ በሚባልበት ዋርድ ምንም ዓይነት የሥልጠና በጀት ፍሬ አያፈራም።

መልስ፦ የቀድሞ ሜትሮን (የነርሶች ኃላፊ)

ስለ ከፍተኛ ትምህርት የተነሣውን ልመልስ፤ ብዙ ዓመት የተሟገትኩበት ጉዳይ ነው።

ለአስተዳደሩ በመረጃ መቅረብ ይቻላል። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 በፔንስልቬንያ በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ላይ ያወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በ10 በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ታካሚዎች የመሞት ዕድል በ5 በመቶ ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ9 የአውሮፓ አገሮች የተደረገው ጥናት ደግሞ በ7 በመቶ ዝቅ ማለቱን አመልክቷል። እነዚህ ጥናቶች ዝምድናን እንጂ ምክንያትና ውጤትን በቀጥታ የሚያረጋግጡ ስላልሆኑ ከሚገባቸው በላይ መለጠጥ የለባቸውም። ቢሆንም በተለያዩ አገሮችና የጤና ሥርዓቶች ተመሳሳይ አቅጣጫ ማሳየታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

አስተዳደሮች የማይጠቅሱት የዚያው የ2014ቱ ጥናት ሌላው ግማሽ አለ። በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ ሲጨመር የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ነርሶችን ለትምህርት ልኮ ተተኪ ሳይመድቡ የቀሩትን ተጨማሪ ታካሚ ማሸከም፣ በአንድ እጅ የሰጡትን በሌላው እጅ መንጠቅ ነው። የትምህርት በጀት ሲጠየቅ የተተኪው ደመወዝ አብሮ ይጠየቅ። ተነጥሎ ከቀረበ መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው።

«አስተምረን ለሌላ እናስረክባለን» ለሚለው ሥጋት የተለመደው መልስ የአገልግሎት ግዴታ ውል ነው። ውሉን በመርሕ ደረጃ አልቃወምም። ነገር ግን ግዴታው ሆስፒታሉ ከሸፈነው ወጪ ጋር የተመጣጠነ፣ ሠራተኛው ባገለገለበት ወር ልክ እየቀነሰ የሚሄድ፣ ነርሱም ከመፈረሙ በፊት አንብቦ የሚረዳው መሆን አለበት። ሁለት ሴሚስተር ክፍያ ሸፍኖ ሰውን ለረጅም ዓመታት ማሰር፣ ትምህርት ማበረታታት ሳይሆን ማስፈራራት ነው፤ አመልካቹም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

በእኔ ልምድ ግን ሰው የሚለቀው ውል ስለሌለ አይደለም። ተምራ የተመለሰች ነርስ በሄደችበት ቀን ወደነበረው ቦታዋ፣ ያው ደመወዝ፣ ያው ኃላፊነት ይዛ ስትመለስ ነው የምትለቀው። በድንገተኛ ሕክምና ነርሲንግ ማስተርስ ይዛ የመጣችን ሰው በተመላላሽ ክፍል ካርድ እንድታስተባብር ከመደቧት፣ የመልቀቂያ ማመልከቻዋን የጻፈላት ራሱ ሆስፒታሉ ነው። ስለዚህ የትምህርት ስምምነቱ ላይ ከመመለሷ በኋላ የምትይዘው ሥራ ከወዲሁ ይጻፍ፤ ለምሳሌ የክፍሉን የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ (የታካሚው ሁኔታ እየከፋ መሆኑን ከልኬቶቹ ቀድሞ የሚለይ ነጥብ) መምራት፣ ለማጆችን መከታተል፣ ወይም የአሠራር መመሪያዎችን ማዘጋጀት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ጋር ተያይዞ ታካሚ ላይ መሥራት የምትወድ ጎበዝ ነርስ ደረጃዋና ደመወዟ እንዲያድግ የግድ ወደ ቢሮ መግባት የማይጠበቅባት የዕድገት መሰላል ያስፈልጋል። አለበለዚያ ምርጥ ነርሶቻችንን ከታካሚው አልጋ የምናርቃቸው በሹመት ነው።

አመራረጡስ? መስፈርቱ በጽሑፍ ወጥቶ በሁሉም ዋርድ ይለጠፍ፤ ውጤቱም ከነምክንያቱ ይገለጽ። የተመረጠው ሰው ጎበዝ ቢሆን እንኳ እንዴት እንደተመረጠ ካልታወቀ ወሬው ከትምህርቱ በላይ ይቆያል።

በሥራ ላይ ሆነው ለሚማሩ ደግሞ ከገንዘብ በላይ የሚጠቅማቸው ቋሚ ፈረቃ ነው። የክፍል ሰዓታቸው በሴሚስተሩ መጀመሪያ ታውቆ ድልድሉ በዚያው ከተስተካከለላቸው፣ የፈተና ሳምንታትም አስቀድመው ከተያዙላቸው፣ ለሆስፒታሉ የሚያስወጣው ወጪ ከሞላ ጎደል የለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ድልድሉን የምታወጣው የዋርድ ኃላፊ ትዕግሥትና ከበላይዋ የሚሰጣት ሥልጣን ነው።

ጠያቂ፦ የነርሲንግ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሌሊቱ ሰዓትና ስለ ተተኪው ደመወዝ የተጻፈውን በቀጥታ ወደ ዕቅዴ አስገባዋለሁ። ሁለት ነገሮች ግን አልጠሩልኝም። በዋርድ ውስጥ የሚደረጉ አጫጭር ልምምዶች ለፈቃድ ዕድሳት በሚጠየቀው የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሰዓት ውስጥ ሊያዙ ይችላሉ ወይ? አስተዳደሩ በስድስት ወር ውስጥ ውጤት አሳዩን ሲልስ ምን ይዤ ልቅረብ?

መልስ፦ አሠልጣኝ ነርስ

የሰዓቱ ጉዳይ በየአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ደንብ ስለሚወሰን መጀመሪያ መመሪያውን ያንብቡ፤ በብዙ ቦታ ግን ሰው ከሚገምተው የሰፋ ነው። ለምሳሌ በዩናይትድ ኪንግደም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የምዝገባ ዕድሳት ሥርዓት፣ አንዲት ነርስ በሦስት ዓመት ውስጥ 35 ሰዓት የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ ይጠበቅባታል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 20ው ከሌሎች ሰዎች ጋር በመሳተፍ የሚከናወን መሆን አለበት። በአዳራሽ ይሁን የሚል ግዴታ የለም። በዋርድ የሚደረግ ልምምድ ዓላማው፣ ቀኑ፣ የፈጀው ጊዜና ነርሷ ከእርሱ የተማረችው በአጭሩ ከተመዘገበ ለመቆጠር የሚችልበት ዕድል ሰፊ ነው። ካልተመዘገበ ግን እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ አሠልጣኟ ይህን መዝገብ ራሷ እንድትይዝና ለየነርሱ በየጊዜው ማስረጃ እንድትሰጥ ያድርጉ፤ ከታካሚ ምዝገባ በላይ ሌላ ወረቀት በነርሶች ላይ አይጨምሩ።

ስለ ውጤቱ፣ የሥልጠና ምዘና ምሁሩ ዶናልድ ከርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበው የሥልጠና መመዘኛ አራት ደረጃዎች አሉት፤ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ተማረው ወይ፣ በሥራው ላይ አዋለው ወይ፣ ከዚያስ ምን ለውጥ መጣ የሚሉ ናቸው። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን ብቻ በመጠይቅ ሞልተን እንቆማለን። እርስዎ በስድስት ወር ውስጥ ሊደርሱበት የሚችሉት ሦስተኛው ነው፤ ያም በቂ ነው። አሠልጣኟ በየወሩ በድንገት ዋርድ ገብታ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ጥቂት ነርሶች የተዘጋ ፓምፕን እንዴት እንደሚያስተካክሉ ትመልከት፤ ግፊቱን ሳያስተነፍሱ ያስቀጠሉ ስንት እንደሆኑ ትመዝግብ። በተጨማሪ የጥቂት ታካሚዎችን ቻርት አውጥታ፣ የአተነፋፈስ ቁጥር በእርግጥ ተቆጥሮ ነው ወይስ ለሁሉም ታካሚ በሁሉም ሰዓት 20 ተብሎ የተሞላው፣ ልኬቱ ከተለመደው ሲወጣስ ሐኪም ተጠርቷል ወይ የሚለውን ትይ። የፈረቃ ልዩነቱን ለብቻው ያቅርቡት፤ ሌሊቱ ከቀኑ ወደኋላ ከቀረ ትምህርቱ የቱ ጋ እንዳልደረሰ ወዲያው ይታያል።

የሞት ቁጥርን ግን የዚህ ሥራ መለኪያ አድርገው አያቅርቡ፤ ቢጠይቁዎትም ይከላከሉ። በአንድ ዋርድ ውስጥ በስድስት ወር የሚከሰተው ሞት ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ፣ በአጋጣሚ ብቻ ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል። ዝቅ ቢል የእርስዎ ሥራ ውጤት ነው ማለት አይችሉም፤ ከፍ ቢል ደግሞ ፕሮግራሙ ያለ ጥፋቱ ይዘጋል። በአንድ ወይም በሁለት ዋርድ ይጀምሩ፤ ከመጀመርዎ በፊት ያለውን ሁኔታ ሳይመዘግቡ ግን አንድም ልምምድ አይስጡ፤ የሚያነጻጽሩበት ነገር አይኖርዎትምና።